እንሰት እየፋቅን የተማርነው እንግሊዝኛ

እንግሊዝኛን የፈጠሩ ሰዎች ከመምህራን ጋር የቆየ ቂም ያላቸው ይመስለኛል። አለበለዚያ «ጸጥ ያለ» የሚለውን ኳየትንና «እጅግ» የሚለውን ኳይትን በተመሳሳይ ፊደላት ጽፈው፣ መጨረሻ ላይ ሁለቱን ብቻ አቀያይረው ለሰው ልጅ አይሰጡም ነበር። ይህን የምለው ከመሬት ተነሥቼ አይደለም። ሶዶ ከተማ ውስጥ አንድ ክረምት ሙሉ በእነዚህ ቃላት ስንታመስ ከርመናል፤ ዛሬም ትዝ ሲለኝ ብቻዬን እስቃለሁ።

ዘመኑ መምህራን ሁሉ ደረጃችሁን አሻሽሉ የተባልንበት ነበር። በሰርተፍኬት ስናስተምር የኖርን የአንደኛ ደረጃ መምህራን በክረምት ኮሌጅ እየገባን ዲፕሎማ መያዝ ነበረብን። ለመግባት ደግሞ የእንግሊዝኛ ፈተና አለ። እኔ ገና ጀማሪ ስለነበርኩ ብወድቅ ለከርሞ እሞክራለሁ። ያሳደገችኝ አክስቴ ግን ከዚያ በፊት ወድቃ ነበር፤ አሁንም ከወደቀች ከክፍል ወጥታ ንብረት ክፍል ትገባለች፣ ጠመኔና መጥረጊያ ታድላለች ተብሎ ተነግሯታል። ርዕሰ መምህሩ ነገሩን የነገራት በትሕትና ነው። እሷ ግን በትሕትና አልሰማችውም፤ ቤት ገብታ ድስት በድስት ላይ እያጋጨች አመሸች።

አክስቴ የአንደኛ ክፍል መምህርት ነበረች። ሌላ ክፍል ስጧት ቢባል እንኳ እሺ አትልም። ከዳሞታ ተራራ ሥር ባለው ሰፈራችን ከእሷ እርሳስ አያያዝ ያልተማረ ሰው ማግኘት ይከብዳል፤ ገበያ ስንወጣ ጢም ያበቀለ ሁሉ መንገድ ላይ እየቆመ «ቲቸር» ይላታል። ትምህርቱ ከአማርኛ ወደ ወላይትኛ ሲዞር ስንቱ ሲያጉረመርም፣ እሷ ከሀ ሁ ወደ ላቲን ፊደል አንድ ክረምት ውስጥ ዞራ ቁጭ አለች። የራሷ አማርኛ ወንዱን ሴት፣ ሴቱን ወንድ የሚያደርግ ነው፤ ለዚህም ይቅርታ ጠይቃ አታውቅም። በመስከረም የመጀመሪያው ሳምንት የሌላ ሰው ልጅ ይዛ ክፍል ስትገባ ፊቷ ላይ የሚታየውን ደስታ እኔ በሠርግ ቀን እንኳ በብዙ ሙሽራ ላይ አላየሁም። ንብረት ክፍል መግባት ለእሷ ሥራ መቀየር አልነበረም፤ ሕይወቷ ነው የሚወሰደው።

ታዲያ ችግሩ እንግሊዝኛ አለማወቋ አልነበረም። ስታነብ ትረዳለች። የሚያሰናክሏት እነዚያ መንትያ መሳይ ቃላት ናቸው። በወላይትኛ ሁለት ኦ ተከታትሎ ካየሽ ኦን ታረዝሚያታለሽ፣ በቃ። እንግሊዝኛ ግን ሁለት ኦ ጽፎ ሉስ በይ ይላል፤ አንዱን ኦ ሲቀንስ ደግሞ ሉዝ ይሆናል፤ የመጀመሪያው «የላላ» ነው፣ ሁለተኛው «መጣል፣ ማጣት»። አክስቴ ይህን ስትሰማ ፊደል እየቀነሱ ድምፅ መጨመር የሌባ ሥራ ነው አለች። እውነቷን ነው።

ባሏ ጡረታ የወጣ የሁለተኛ ደረጃ የእንግሊዝኛ መምህር ነበር። እሱንም ሰው ሁሉ ቲቸር ነው የሚለው፤ ሚስቱም ጭምር። ደግ ሰው ነው፣ ነገር ግን ስሕተት ሲሰማ ያመዋል። አክስቴን ጠረጴዛ ዳር አስቀምጦ ያስተምራት ጀመር። ቃል ይጠራል፣ እሷ ትጽፋለች፣ ስትሳሳት ምንም አይናገርም፤ መነጽሩን ብቻ ቀስ ብሎ ያወልቃል። ያ መነጽር ከፊቱ ሲወርድ እኔ ራሴ ስሜን እረሳለሁ። አክስቴ ቀና ብላ ታየውና የምታውቀውም ይጠፋታል። በተሳሳተች ቁጥር ዝምታው ይረዝማል፣ ዝምታው በረዘመ ቁጥር ትሳሳታለች።

ነሐሴ ላይ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እስክሪብቶውን ወርውራ ተነሣች። መስቀል ሊደርስ ነው፣ በወላይታ ደግሞ መስቀል ሲመጣ ጓዳው በቆጮ ያልሞላ ሴት ምን ስትሠራ ከረመች ይሏታል። ፈተናውን ብወድቅ እንኳ እንሰቴ ሳይፋቅ አይቀርም ብላ ቀሚሷን ሸብ አድርጋ ወደ ጓሮ ወጣች። ሁለት ሴቶችም ጠራች። ሁለቱም ለዚያው ፈተና የሚዘጋጁ መምህራን ናቸው። አንደኛዋ ከቦምቤ መጥታ እህቷ ዘንድ የከረመች፣ እጇ የማይጨበጥ ፈጣን ሴት ናት። ሁለተኛዋ ጎረቤታችን ስትሆን አያቶቿ ከሰሜን በሹመት መጥተው እዚሁ የቀሩ፣ ፍልሰታን የምትጾም ኦርቶዶክስ ናት፤ ቆጮ መብላት እንጂ እንሰት መፋቅ አታውቅም ነበር። ከእኔ ጋር አራት ሆንን።

እንሰት የሚፋቅበትን ቦታ ላላየ ሰው ልንገረው። ተክሉ ተገንድሶ ቅርፊቱ ይገነጣጠላል። ሴቲቱ ቅጠል ላይ ትቀመጥና ቅርፊቱን በተዘነበለ ጣውላ ላይ በእግሯ ረግጣ ይዛ በተሰነጠቀ ቀርከሃ ወደ ታች ትፍቃለች። ቃጫው ይቀራል፣ የሚበላው ይወርዳል። ለዚህ ሥራ ቀሚስ ከጉልበት በላይ ይሰበሰባል፣ ስለዚህ ወንድ እዚያ ድርሽ አይልም። ግንዱን ቆርጦ ይሰጣል፣ ከዚያ ዞር ይላል። ወንድ ያየው ቆጮ አይቦካም የሚሉም አሉ። አክስቴ፣ ጌታን ካመንኩ ወዲህ እንዲህ ያለውን ነገር አላምንም ትላለች፤ ግን ሞክራው አታውቅም።

ቲቸር ደግሞ የጀመረውን ትምህርት ማቋረጥ የማይችል ሰው ነው። ተከትሏት መጣና የእንሰቱ ተክል ጥቅጥቅ ካለበት ሲደርስ ግድግዳ እንደገጠመው ቆመ። ተመለስ ብትለው አልተመለሰም፣ ግባ ሊባል ደግሞ አይችልም። ጥቂት ጉሮሮውን ሲጠርግ ቆየና፣ ከቅጠሉ ማዶ ሆኖ ቃሉን ጠራ። «ጸጥ ያለ» የሚለውን ኳየትን ነበር።

አክስቴ ቀርከሃውን አላቆመችም። በንዴት እየፋቀች፣ ለእያንዳንዱ ፊደል አንድ ጊዜ ወደ ታች እየሳበች፣ «ኪው፣ ዩ፣ አይ፣ ኢ፣ ቲ» አለች።

ቲቸር ከማዶ ሌላውን ጠራ። እሱንም ያለ ስሕተት ፋቀችው። ሉዝን ጠራ፣ ሉስን ጠራ፣ «የእነሱ» እና «እዚያ» የሚሉትን ሁለቱንም ዜር ጠራ። አንድም አልሳተችም። እኛ ሦስታችን ሥራችንን ትተን አፋችንን ከፍተን እናያታለን። ለካስ ፊደሎቹ ሁሉ ውስጧ ነበሩ፤ ያባረራቸው የቲቸር ፊት ነው። እሷም ይህን ያወቀችው ከእኛ እኩል ነው፤ ቀርከሃዋን ጭኗ ላይ አድርጋ መሳቅ ጀመረች፣ እኛም ተከተልናት። ቲቸር ከማዶ ምን ሆናችሁ ቢል የሚመልስለት ጠፋ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ትምህርት ቤታችን ጓሮው ሆነ። ቲቸር ዱካ ወንበሩን ይዞ ይመጣል፣ ጀርባውን ሰጥቶ ከእንሰቱ ማዶ ይቀመጣል፣ ዝናብ ካለ ትልቅ የእንሰት ቅጠል ራሱ ላይ ይደፋል። ቃሉን በዓረፍተ ነገር ውስጥ ያነባል፣ ቃሉን ብቻ ይደግማል፣ እኛ አራታችን በአንድ ድምፅ እየፋቅን ፊደሉን እንመልሳለን። ፊደል አንድ፣ ፍቅታ አንድ ነው። ረጅም ቃል ሲመጣ ረጅም ቅርፊት እንመርጣለን። «የጽሕፈት መሣሪያ» የሚለው ስቴሽነሪና «የማይንቀሳቀስ» የሚለው፣ በኢ ፈንታ ኤ ያለበት ስቴሽነሪ ሲደርሱ የቦምቤዋ ሴት፣ ይህን ቃል የፈጠረው ሰው እንሰቱን ሊያስጨርሰን ነው እያለች ታማርራለች።

ዜማም አልቀረም። አክስቴ ፊደሎቹን በቤተ ክርስቲያኗ መዝሙር ዓይነት ፈጠን አድርጋ ትላቸዋለች። ጎረቤታችን ደግሞ ቅዳሴ ያሳደጋት ናት፤ እያንዳንዷን ፊደል ሳታንቆረቁር አትለቅም። ሁለቱ በዜማ ተጣሉ። አንደኛዋ ኤስ ላይ ስትደርስ ሌላዋ ገና ኤል ላይ ናት። በመጨረሻ የቦምቤዋ ሴት አስታረቀቻቸው፤ ወንዶች በደቦ ሲቆፍሩ አንዱ እየመራ ሌላው የሚቀበለውን አመታት አመጣች። አመታቱ ከደቦ፣ ፍጥነቱ ከመዝሙር፣ መጨረሻው ላይ የምትሳበዋ ነገር ከቅዳሴ ሆነና ሁሉም ደስ አላቸው። ጎረቤት ያሉ ሴቶች እንኳ ትርጉሙን ሳያውቁ ውሃ ሲቀዱ ያዜሙት ነበር። አላፊ አግዳሚው ግን ግራ ተጋባ፤ ጡረታ የወጣ ሽማግሌ ቅጠል ደፍቶ ለእንሰት እንግሊዝኛ ያስተምራል የሚል ወሬ ገበያ ድረስ ደረሰ። ቲቸር ይህን ሲሰማ፣ ከብዙ ተማሪዎቼ እንሰቱ ይሻላል አለ። እንደዚያ ሲቀልድ ስሰማው የመጀመሪያዬ ነበር። ማታ ማታም ሁለቱ ምድጃ ዳር ተጠጋግተው ሲያወሩ እሰማለሁ፤ ጠረጴዛው ላይ የነበረው ኩርፊያ ጠፍቶ ነበር።

ቆጮውም ጉድጓድ ገብቶ ተከደነ፣ የፈተናው ቀንም ደረሰ። ኮሌጁ አዳራሽ ውስጥ ከየወረዳው የመጣ መምህር ጢም ብሎ ሞልቷል፤ ከበዴሳ በሚኒባስ የመጡት ገና አቧራቸውን እያራገፉ ነው። አክስቴ የክት ቀሚሷን ለብሳለች። አራታችን እንደ አጋጣሚ አንድ ረድፍ ላይ ተቀመጥን። የመጀመሪያው ክፍል ምርጫ ነበር፣ እንደምንም ተወጣነው። ሁለተኛው ዲክቴሽን፣ የሚነበበውን ሰምቶ መጻፍ ነው። ፈታኙ ከሃላሌ በኩል የመጣ፣ ረጋ ያለ፣ ጎልማሳ መምህር ነበር። ከፊት ሆኖ ማንበብ ጀመረ፤ አክስቴን በጎን ሳያት እጇ ደርቋል፣ ዓይኗ ፈታኙ ፊት ላይ ተተክሏል፣ ወረቀቷ ባዶ ነው። የጓሮው ትምህርት ሁሉ እንደ ነሐሴ ጉም በነነ አልኩ በልቤ።

ከዚያ ፈታኙ ኩረጃ ለመቆጣጠር ይመስለኛል፣ እያነበበ ወደ አዳራሹ ጀርባ ሄደ። አሁን ድምፁ ከኋላችን፣ ሰውየው ሳይታይ መጣ። ልጆቹ ጸጥ ያሉ ናቸው የሚል ዓረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ አነበበ። ቃሉን ብቻውን ደገመው። ኳየት።

እግሬ ከጠረጴዛው ሥር ወደ ፊት ተዘረጋ። እጄ ወደ ታች ተሳበ። አፌ ከእኔ ሳይማከር ተከፈተ። የሦስቱም እንደዚያው። በዚያ ሁሉ ሰው መሐል አራት ሴቶች በአንድ ድምፅ፣ ከነአመታቱ፣ ከነዜማው፣ «ኪው፣ ዩ፣ አይ፣ ኢ፣ ቲ» አልን። ጎረቤታችን ቲ ላይ የለመደችውን ስባ ጨረሰች።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ከኋላ ያሉት መልሱን አመስግነው ጻፉት። ፈታኙ ግን አልሳቀም። መጥቶ የአራታችንን ወረቀት ሰበሰበ፣ ያንን ቃል ለሁሉም ሰረዘ፣ እኛን ደግሞ ፈተናው እስኪያልቅ ከጎን ባለው ክፍል እንድንጠብቀው አዘዘ። ክፍሉ ውስጥ ስንቀመጥ ሳቁ ከእኛ ጋር አልገባም። የቦምቤዋ ሴት ለከርሞ ነው እንግዲህ አለች። ጎረቤታችን አማተበች። ለአክስቴ ግን ከርሞ የሚባል ነገር እንደሌለ ሁላችንም እናውቃለን። እጇን ያዝኩት። በሕይወቴ እንደዚያን ጊዜ ለሌላ ሰው ፈርቼ አላውቅም።

ፈታኙ ሲመጣ በምልክት መልስ ተቀባብላችኋል፣ ይህ ኩረጃ ነው አለን። ያጠናነው አብረን ስለሆነ ነው ብንለው፣ እንግዲያው እውቀቱ የእያንዳንዳችሁ መሆኑን ሰሌዳው ላይ አሳዩኝ አለ። ፍትሐዊ ሰው ነበር። የቦምቤዋ ሴት ወጣች፣ ጻፈች። ጎረቤታችን ጻፈች። እኔም ጻፍኩ። አክስቴ ጠመኔ ይዛ ተነሣች። እሱ ከፊቷ ቆሞ ቃሉን ነገራት። አየችው። ጠመኔው ሰሌዳውን ነክቶ ቆመ። ሌላ ቃል ሰጣት፣ ያንንም አልጻፈችም። በዕድሜዋ ሁሉ ሰሌዳ ላይ ስትጽፍ የኖረች ሴት አንድ ፊደል አቃታት። ፈታኙም ወረቀቱን ማጠፍ ጀመረ።

አክስቴ ያኔ ወደ እሱ ዞረች። «ልጄ፣ ፊት ሳይ ፊደሉ ትጠፋለች» አለችው። «እኛ የተማርነው እንሰት እየፋቅን ነው። አስተማሪው ከማዶ ነበር።»

ፈታኙ ማጠፉን ተወ። ምን እየፋቃችሁ ነው ያላችሁት ብሎ ደግሞ ጠየቃት። እሷም በወላይትኛ ነገረችው፣ ስለ ቲቸርና ስለ መነጽሩ፣ ስለ ቅጠሉና ስለ ዝናቡ፣ ስለ አመታቱም። ስታወራ ፊቱ ቀስ በቀስ ተፈታ። ልጅ ሆኖ ሃላሌ እናቱ እንሰት የምትፍቅበት ገብቶ በቀርከሃ ጀርባውን እንዳለችው፣ እስከ ማታም ቤት እንዳላስገባችው ነገረን። ከዚያ ወረቀቱን ይዞ ወጣ፣ በሩንም ከኋላው ዘጋው።

ወዴት ሄደ ብለን ስንተያይ ድምፁ ከበረንዳው በመስኮቱ ገባ። ሉዝ፣ አለ።

አክስቴ በሩን አየች፣ እኛን አየች። ከዚያ የክት ቀሚሷን ሰብሰብ አደረገች፣ አንድ እግሯን የግድግዳው ጥግ ላይ ረገጠችና ጠመኔውን ከላይ ወደ ታች መሳብ ጀመረች። ኤል፣ ኦ፣ ኤስ፣ ኢ። ፊደሎቹ እንደ ቅርፊት ወደ ታች እየተደረደሩ ወረዱ። ሉስ፣ አለ ከውጭ። ሁለቱን ኦ አከታትላ አወረደቻቸው። እሱ ይጠራል፣ እሷ ትፍቃለች፤ ድምፅዋም እየተመለሰ መጣ፣ መጀመሪያ በለሆሳስ፣ ኋላ አፏን ሞልታ። እኛ መርዳት አይፈቀድልንም፣ አፋችንን በነጠላ አፍነን በእግራችን ብቻ አመታቱን እንመታላታለን። በረንዳው ላይ የሚያልፉ ሰዎች አንድ የተከበረ መምህር ለተዘጋ በር እንግሊዝኛ ሲጮኽ አይተው ቆሙ። እሱ ግን አላቆመም፤ በኋላ እንደገባኝ ፈተናው ላይ የነበሩት ቃላት ካለቁ ቆይተዋል፣ ከራሱ እየጨመረ ነው የሚጠራው። ደስ ብሎት ነበር።

ሲጨርስ ልግባ ወይ ብሎ በሩን አንኳኳ። አክስቴ እግሯን አወረደች፣ ቀሚሷን አስተካከለች፣ ሰሌዳውን ከላይ እስከ ታች አየችና ቆይ አለችው። በአንዱ ስቴሽነሪ ላይ ኤ የተባለውን ፊደል አጥፍታ ኢ አደረገችው። ከዚያ ግባ አለችው።

ገብቶ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ሰሌዳውን አነበበ። በጣም ቆየ። የአራታችንን ወረቀት ፈተናውን ካለፉት ሰዎች ወረቀቶች ጋር ቀላቀለና ክሩን አሰረ። አለፍሽ አላላትም። እንደ መጀመሪያው ኮስተር ብሎ ስንተኛ ክፍል እንደምታስተምር ጠየቃት። አንደኛ አለችው። ትምህርት ቤቱ የት እንደሆነ ጠየቃት። መንገዱን ነገረችው፤ ከአስፋልቱ ወደ ተራራው በሚወስደው፣ ከወፍጮ ቤቱ አለፍ ብሎ። እሱም አንገቱን እየነቀነቀ ሰማት።

«ልጄ ዘንድሮ ነው ትምህርት የሚጀምረው» አለ። «መስከረም ላይ እርስዎ ክፍል ላመጣው ነው።»

አክስቴ ጠመኔውን ማስቀመጫ ፈልጋ አጣች፣ በእጇ እንደያዘችው ቀረች። ልጁ ያለቅሳል ወይ ብላ ጠየቀችው። ትንሽ እንደሚያለቅስ ነገራት።

«ግድ የለም፣ ይምጣ» አለችው። እሷ ራሷ እያለቀሰች ነበር።